ኮርቲዞንና የደሃና ሕመምተኞች

ዋና ከተማው አምደ ወርቅ የሆነው የደሃና ወረዳ ከሰቆጣ በስተ ደቡብ ምዕራብ ይገኛል። ደጋው ብርድ የጸናበት ነው፤ ብርዱ ሲጸና በር ይዘጋል፤ በር ሲዘጋም ጢሱ ከቤት ሳይወጣ ያድራል። ሴቶቹ ከልጅነታቸው ጀምረው በሦስት ጉልቻ ላይ እንጨትና ኩበት እያነደዱ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፤ በጀርባ የታዘለውም ሕፃን ያንኑ ጢስ እየሳበ ያድጋል። ከዚህም የተነሣ ትንባሆ ከአፋቸው ደርሶ የማያውቅ እናቶች በእርጅናቸው ጊዜ ዳገት ሲወጡ ደጋግመው የሚያርፉ፣ ሌሊትም ደረታቸው እያፏጨ ተቀምጠው የሚያድሩ ሆነው ይገኛሉ።

በዚህ አገር በመምህርነት ሳገለግል ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። ዘመድ ከሩቅ ከተማ ገዝቶ የሚልክላቸውን ጥቃቅን ነጭ ክኒን በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ይውጡ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሳሉ ጋብ አለ፤ እንቅልፍም አገኙ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፊታቸው ሞላ፤ ጉንጫቸውም ቀላ። ያያቸው ሁሉ «አማረብዎ፤ ጤናዎ ተመለሰ» ይላቸው ነበር፤ እንዲህ ካሉት አንዱ እኔው ነበርሁ። ያ የፊት መሙላት የጤና ምልክት ሳይሆን መድኃኒቱ በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የክኒኑ ስም ፕሬድኒሶሎን ነበር። ታሪኩን ፈልጌ ያነበብሁትም ከዚያ ወዲህ ስለ ሆነ፣ ያገኘሁትን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢያን ማቅረብ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ለብዙ ዘመን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። በ1855 ቶማስ አዲሰን የተባሉት የለንደን ሐኪም እነዚህ ዕጢዎች የተበላሹበት ሰው ኃይሉ እየደከመ፣ ቆዳው እየጠቆረ ሄዶ እንደሚሞት ገልጠው ጻፉ። በ1900 ደግሞ በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ሰሎሞን ሶሊስ ኮኸን የተባሉ ሐኪም ከእንስሳ ዕጢ የተዘጋጀ መድኃኒት ለአስም ሕመምተኞች በአፍ ሰጥተው ጥቅም እንዳዩበት አስታውቀው ነበር። ዳሩ ግን የዘመኑ ሊቃውንት ዓይን ከዚያው ዕጢ ወደ ተገኘው ወደ አድሬናሊን ስላዘነበለ የሶሊስ ኮኸን ነገር ሳይታሰብ ብዙ ዘመን ቆየ።

በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የነበሩት ኤድዋርድ ኬንዳል፣ በስዊስ አገር ደግሞ ታዴዎስ ራይሽስታይን፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ከከብት ዕጢ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ለዩ። ዕጢው የሚሰጠው ግን እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ መድኃኒት ለመሥራት አልበቃም። በ1944 ሉዊስ ሳሬት የተባሉት የሜርክ ኩባንያ ኬሚስት ከበሬ ሐሞት ተነሥተው፣ በብዙ ደረጃ እያለዋወጡ፣ ከንጥረ ነገሮቹ አንዱን ሠሩት። ሐሞት በእኛ ዘንድ የመራራነት ምሳሌ ነው፤ ያን ዘመን ያስደነቀው መድኃኒት ከዚያ መራራ ነገር መገኘቱ የሚገርም ነው። ስሙም በኋላ ኮርቲዞን ተባለ።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 1948 በዚያው በማዮ ክሊኒክ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ ሕመም የተነሣ ከአልጋ መነሣት ላቃታት ለአንዲት የ29 ዓመት ሴት ይህን መድኃኒት በመርፌ አስጀመሯት፤ ሴቲቱም በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ሄደች። በዓለም ሁሉ ወሬው ስለ ተሰማ ሄንች፣ ኬንዳልና ራይሽስታይን የ1950ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በዚያው በ1950 የማዮ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለአስም ሕመምተኞች ሰጥተው ትንፋሻቸው እንደ ተከፈተ አዩ። ሶሊስ ኮኸን ከሃምሳ ዓመት በፊት የጠቆሙት ነገር በዚህ ዐይነት ተመልሶ መጣ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1952 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት አንድ አሳዛኝ ነገር ተጻፈ። ኮርቲዞን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የኖረ አንድ ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ የደም ግፊቱ ወድቆ ሊነሣ ባለመቻሉ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር እነዚያ ሁለቱ ዕጢዎች ሟሽሸው ተገኙ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዕጢው ሥራውን የሚሠራው ከአንጎል ሥር በሚመጣ ትእዛዝ ነው፤ መድኃኒቱ ከውጭ በየቀኑ ሲገባ ትእዛዙ ይቋረጣል፤ ዕጢውም ጌታው ሌላ ሎሌ እንደ ቀጠረ አይቶ ሥራውን እንደሚተው አገልጋይ ተኝቶ ይቀራል። ክኒኑ በድንገት ሲቆም የተኛው ዕጢ ባንድ ቀን አይነቃም። ለመንቃት ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ወራት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ተቅማጥ፣ ወባ ወይም ቁስል ያገኘው እንደ ሆነ ሰውነቱ የሚቋቋምበት ኃይል የለውም። እኔ በበኩሌ ከመድኃኒቱ ጉዳት ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ አጥንትን ማሳሳቱ፣ ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ማድረጉ፣ የዓይን ሞራ ማምጣቱ ቀስ በቀስ የሚታይ ሲሆን፣ የዕጢው መተኛት ግን ክኒኑ እስከሚጎድልበት ቀን ድረስ ላይታይ ይችላል።

በ1955 ፕሬድኒዞንና ፕሬድኒሶሎን ለገበያ ቀረቡ። ኃይላቸው ከኮርቲዞን ብዙ እጥፍ የበለጠ፣ ጨውንና ውሃን በሰውነት በማስቀረት ረገድ ጉዳታቸው ያነሰ ነበር፤ በአፍ የሚዋጡም ስለ ሆኑ እየረከሱ ሄደው የዓለምን ዳርቻ ሁሉ አዳረሱ። በ1956 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ባሳተመው ፈተና ኮርቲዞን በድንገተኛና በብርቱ አስም ላይ የሚጠቅም ሆኖ ሲገኝ፣ ለዓመታት በቆየው አስም ላይ ግን የመጀመሪያው ብልጫ ወራት ባለፉ ቁጥር እየቀነሰ ታየ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የማረከኝ ግን የዶክተር ሃሪ ሞሮው ብራውን ሥራ ነው። እኚህ ሐኪም በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ በሚገኝ የደረት ክሊኒክ ይሠሩ ነበር። በ1958 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕመምተኞቻቸውን አክታ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት የደም ሕዋሳት በአክታቸው የተገኙት ሕመምተኞች በፕሬድኒሶሎን እንደሚሻላቸው፣ እነዚህ ሕዋሳት ያልተገኙባቸው ግን እንደማይጠቀሙ አመለከቱ። ይህ ማለት ሳል ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። ደግሞም ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ታላቅ መሣሪያ አልነበረም፤ በእኛ አገር ጤና ጣቢያዎች የሳንባ ነቀርሳን ለመፈለግ ሲያገለግል የኖረው የማይክሮስኮፕ ዐይነት ይበቃ ነበር።

እኚሁ ሐኪም በ1972 ከባልደረቦቻቸው ጋር ቤክሎሜታዞን የተባለውን፣ በአፍ ተስቦ በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚገባውን ስቴሮይድ ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ። መጠኑ በማይክሮግራም የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ሥራውንም እዚያው በአየር ቧንቧው ላይ ስለሚሠራ፣ ክኒን ሳይውጡ መኖር ያልቻሉ ብዙ የአስም ሕመምተኞች ክኒኑን ለመተው ቻሉ። ነገር ግን እዚህም ላይ ያው የተኛ ዕጢ ነገር ተነሣ፤ ከክኒን ወደሚሳበው መድኃኒት በጥድፊያ ከተዛወሩት ሕመምተኞች መካከል የሞቱ ነበሩ። ሳንባቸው የሚፈልገውን ቢያገኝም የቀረው ሰውነታቸው አላገኘምና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1954 ማለትም ፕሬድኒዞን ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ነበር። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የጤና ጥበቃ ባለሙያዎች የተሰለፉት በወባ፣ በፈንጣጣ፣ በታይፈስ፣ በነቀርሳ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነበር። ዓመት ከዓመት ለሚቆይ የትንፋሽ ሕመም ግን ጊዜም ገንዘብም አልተረፈም። ስለ አስም በአገራችን ከተደረጉት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ በ1997 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት ነው፤ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው የበዛ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። የሳንባ ሕክምና ልዩ ባለሙያዎችን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማሠልጠን የተጀመረውም በ2013 ነው። ከኮርቲዞን የመጀመሪያ መርፌ እስከዚህ ድረስ 65 ዓመት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጅማ እንዳሳየችው አስም በከተማ የሚበዛ ከሆነ፣ ደረቷ የሚያፏጭ የደሃና እናት ሁሉ አስም አለባት ማለት አይቻልም። በጢስ ብዛት ሳንባው የተጎዳና የአየር ቧንቧው የጠበበ ሰው ሕመሙ ሌላ ነው፤ ነቀርሳ ይዞት ድኖ ጠባሳው በሳንባው የቀረበት ሰው ደግሞ ሌላ ነው። በ2000 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት የሚሳበው ስቴሮይድ በእንዲህ ያለው የቧንቧ ጥበት የሳንባን ኃይል መቀነስ ሊያዘገይ እንዳልቻለ አሳየ፤ በ2007 ከ6,000 በላይ ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሌላ ጥናት መድኃኒቱን በሚወስዱት ላይ የሳንባ ምች እንደ በዛ ገለጠ። በ2013 የስዊስ ሐኪሞች ሕመሙ በድንገት ለተባባሰባቸው ሰዎች ክኒኑን 5 ቀን መስጠት 14 ቀን ከመስጠት እንደማያንስ አረጋገጡ። አምስት ቀን! ጎረቤቴ ግን ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ነቀርሳስ ቢኖር? ስቴሮይድ ሳሉን ለጊዜው ጋብ ሲያደርግ የሰውነትን መከላከያ ያደክማልና ተዳፍኖ የኖረው ነቀርሳ በሥር እንደ ፍም ይቀጣጠላል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የተባለው የዚሁ ቤተ ሰብ መድኃኒት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕመምተኞች መካከል ሞትን በሲሶ ያህል እንደ ቀነሰ የኦክስፎርድ ሊቃውንት በጁን ወር አስታወቁ፤ የአገራችንም ጤና ሚኒስቴር በጥቂት ቀናት ውስጥ ለጽኑ ሕመምተኞች እንዲሰጥ መከረ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ያው መድኃኒት ጥቅም አላሳየም። የመድኃኒቱ ዝና ተራራውን ተሻግሮ ደሃና ሲደርስ ግን ይህ ሁለተኛው ነገር ከኋላ ቀርቶ ነበር።

በ2021 ጦርነቱ ወደ ዋግ ዘለቀ። መንገድ ተዘጋ፤ ብዙ የጤና ተቋማትም ተዘረፉ። እኔ በዚያን ጊዜ ከአገሩ ርቄ ስለ ነበር የጎረቤቴን ነገር የሰማሁት በኋላ ከልጃቸው ነው። ክኒኑ አለቀ፤ የሚልክላቸው ዘመድም መላክ አልቻለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳሉ እንደሚመለስ ብቻ ነበር የፈሩት። በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ ግን የበሉት አልረጋ አላቸው፤ ከመደብ መነሣት አቃታቸው፤ ሲያነጋግሯቸውም ቃላቸው ይጠፋ ጀመር። ቤተ ሰቡ ምች ነው ብሎ ደማከሴ ጨምቆ ሰጣቸው። ሲብስባቸው አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ አንድ የጤና ባለሙያ ወዳለበት አደረሷቸው።

ባለሙያው «እናቴ፣ ምን ይወስዱ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ነጭ ክኒን ነዋ፣ ልጄ።»

ነጭ ክኒን ስንት ዐይነት አለ! ባለሙያው ግን የፊታቸውን መሙላትና የክንዳቸውን መቅጠን አይቶ ጠርጥሮ ኖሮ፣ የክኒኑ መያዣ እንዲፈለግ አጥብቆ አዘዘ። የልጅ ልጃቸው ወደ ቤት ሮጦ ከሙዳያቸው ሥር ባዶውን ቅጠል አገኘና ይዞ ተመለሰ። በእጁ የተረፈውን ጥቂት ስቴሮይድ በመርፌ ሰጣቸው፤ በማግሥቱ ተነሥተው ተቀመጡ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አክታቸው ተመርምሮ ከነቀርሳ ነጻ መሆናቸው ታወቀ፤ ሕመማቸውም አስም ነው ተባለ። ክኒኑን ባንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ በብዙ ወራት ተዉት፤ በምትኩ የሚሳበው መድኃኒት ተሰጣቸው። መድኃኒቱን ሲነፉና ሲስቡ አልገጥም ብሏቸው ስለ ነበር፣ የውሃ መጠጫ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስቶ መድኃኒቱን ከዚያ ውስጥ መሳብ ተማሩ። ይህ ዘዴ በደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ተፈትኖ በ1999 የተመሰከረለት ነው።

ባለፈው ጊዜ ልጠይቃቸው ብሄድ ፊታቸው ጎድሎ ወደ ጥንት መልኩ ተመልሷል። መንደሩ «ከሳች» ይላል። እሳቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ያን ባዶ ቅጠል አሳዩኝና፣ የሚሳበው መድኃኒት ስም ከተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ጋር መልሰው ቋጠሩት።