ማሽኑ ቆመ ማለት መብራቱ ተቋርጧል ማለት አይደለም



በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ውስጥ አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጠለ። ይህ ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን አስተምረው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የሚያገለግለን እሳት ስንዘናጋበት ይገድላል።

ኩራዝ በኤሌክትሪክ ሲተካ አደጋው መልኩን ቀየረ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል ኤሌክትሪክ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ጥቂት ሚሊአምፔር በሰው በኩል ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ሠሩ። ይህ ከንዝረት ይጠብቃል፤ በድንገት ከሚነሳ መጋዝ ግን አያድንም።

በአሜሪካ ፋብሪካዎች አንዱ ማሽን ሲጠግን ሌላው ሳያውቅ እያበራበት ብዙዎች አካላቸውንና ሕይወታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የሠራተኞች ደህንነት መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ደንብ አወጣ፦ ማሽን የሚጠግን ሰው ኃይሉን ከምንጩ ያቋርጥ፣ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፍ፣ መቋረጡንም ሞክሮ ያረጋግጥ። ደንቡ በዓመት 120 ያህል ሞትና 50,000 ጉዳት እንደሚያስቀር ተገምቷል።

ያ ደንብ የፋብሪካ ነው። ጓሯችን ውስጥ በአንድ ግራይንደርና በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ስንጀምር ግን ተቆጣጣሪ የለብንም። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፤ ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መጋዙን ለመቀየር እጃችንን ባስገባንበት ቅጽበት መብራት ቢመጣስ? ሌላም ድብቅ አደጋ አለ። ብዙው ሶኬታችን ተገልብጦም ይገባል፤ ስለዚህ የማሽኑ ማጥፊያ ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን ብቻ ሊቆርጥ ይችላል። ማሽኑ ዝም ብሏል፤ ሽቦው ላይ ግን 220 ቮልት አለ።

ስለዚህ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ወዲያው እናጥፋ። ማሽኑን ከመንካታችን በፊት ሶኬቱን ነቅለን በዓይናችን ሥር እናድርገው። ማሽኑ በቀጥታ ከመስመር የተገናኘ ከሆነ ብሬከሩን አውርደን ሳጥኑን እንቆልፍ፤ ቁልፉ የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ማብሪያውን ሞክረን አለመነሳቱን እንይና መልሰን እናጥፋው። ሽቦ መንካት ካለብን ደግሞ ቴስተሩን መብራት ባለበት መስመር ላይ ሞክረን፣ ከዚያ በእሱ እንፈትሽ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ማሰር ትቶ በአላህ መመካት ለፈለገው ሰው ማሰሩን አስቀድመውለታል። ሰበቡን ማድረስ የኛ ነው፤ ጠባቂው አላህ ነው። እጃችንን ለሐላል ሪዝቅ ይጠብቅልን። አሚን።