የማተሚያው ድንጋይ ያስቀረው ትንሽ አዳኝ

ጀርመናዊው የተውኔት ደራሲ አሎይስ ዜነፌልደር በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድርሰቶቹን በርካሽ ለማባዛት ሲጥር፣ በባቫሪያ ምድር በሚወጣው ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ቀለም ጽፎ ማተም እንደሚቻል ደረሰበት። የአውሮፓ ሠዓልያን ሥራዎቻቸውን በዚሁ ዘዴ ማሳተም ሲጀምሩ የሶልንሆፈንና የአካባቢው የድንጋይ ካባዎች ሥራ በዛባቸው። ለማተሚያ የሚመረጠው ድንጋይ እንከን የሌለበት መሆን ስለነበረበት ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ገጽ እየፈለጡ በዓይናቸው ይመረምሩት ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ተፈጭቶ የሚጠፋ የዓሣ ቅርፊት፣ የበራሪ ነፍሳት ክንፍ እዚህ አላመለጠም። ለኪነ ጥበብ የዋለው ድንጋይ ለተፈጥሮ ታሪክም እንዲሁ ዋለ ማለት ይቻላል።

በ1850ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዮሴፍ ኦበርንዶርፈር የተባለ ሐኪምና ቅሪተ አካል ሰብሳቢ ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ላይ ያረፈ አንድ አጽም በእጁ ገባ። የተገኘበትን ስፍራ ግን በምሥጢር ያዘው። አጽሙ ከአፍ እስከ ጅራት 89 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ከዶሮ እምብዛም የማይበልጥ፣ በሁለት ረጃጅም እግሮቹ የሚሮጥ፣ ጥርሶቹ ስለታም የሆኑ አዳኝ ነበር። የሙኒኩ ሊቅ አንድሬያስ ቫግነር በ1859 ኮምፕሶግናቱስ ሎንጊፔስ ሲል ሰየመው። ትርጉሙም መንጋጋው ያማረ፣ እግረ ረጅም ማለት ነው።

ዳርዊን የዝርያዎችን አመጣጥ የሚያትተውን መጽሐፉን ያወጣው በዚያው ዓመት ነው። ቫግነር የዳርዊንን አሳብ አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። በ1861 ከሶልንሆፈን ላባ ያለው አጽም መገኘቱን በሰማ ጊዜ፣ ድንጋዩን በዓይኑ ሳያይ፣ እንስሳው ወፍ ሳይሆን ገበሎ አስተኔ ነው ብሎ ግሪፎሳውረስ የሚል ስም አወጣለት፤ የዳርዊን ተከታዮችም ለክርክራቸው መሣሪያ እንዳያደርጉት አስቀድሞ አስጠነቀቀ። በዓመቱ መጨረሻም አረፈ። ስለ ሁለቱም እንስሳት የጻፈው ይህ ሊቅ፣ ጎን ለጎን አቁሞ ሊያስተያያቸው ግን አልፈቀደም። ዓይን ሳይጎድለው አሳቡ ጋረደው ቢባል ፍርዱ የከበደ አይሆንም።

ያንን ያደረገው እንግሊዛዊው ቶማስ ሀክስሊ ነው። በ1868 የኮምፕሶግናቱስን ዳሌና እግር ከወፍ ጋር አነጻጽሮ፣ በወፎችና በገበሎ አስተኔዎች መካከል ያለው ክፍተት የቱን ያህል ጠባብ እንደሆነ አሳየ። በዚያን ዘመን ዳይኖሰር ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ግዙፍ ፍጥረት ነበርና፣ ማስረጃው ከዶሮ አከል አጽም መምጣቱ አስደናቂ ነው።

በአጽሙ ሆድ ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን አጥንቶች ነበሩ። አሜሪካዊው ማርሽ በ1881 ሲመለከታቸው ያልተወለደ ፅንስ መሰሉት። በ1903 ኖፕቻ የተባለው የሀንጋሪ ባላባት የተዋጠ እንሽላሊት መሆናቸውን ገለጠ። ጆን ኦስትሮም በ1978 እንደገና መርምሮ ያንኑ አጸና፤ እንዲህ ያለ ፈጣን እንሽላሊት የሚይዝ አዳኝ እርሱ ራሱ ምን ያህል ቀልጣፋ እንደነበር ከዚህ ተረዳ። ሃያ ዓመት ያህል እናት ተብላ ልትታይ የምትችለው እንስሳ ምሳዋን በልታ የሞተች ሆና ተገኘች።

ቀጥሎ በ1972 በደቡብ ፈረንሳይ የተገኘ ተለቅ ያለ አጽም ይፋ ሆነ፤ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ያጠኑት ሰዎች የፊት እግሩ እንደ ዓሣ መቅዘፊያ ነው ብለው ሌላ ዝርያ አደረጉት። ኦስትሮም ግን በዚያው ጥናቱ መቅዘፊያው ከእንስሳው አካል እንዳልሆነ አሳይቶ፣ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው አለ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በ1951 በአይሽቴት አጠገብ የተገኘው አጽም ታሪክ ነው። የላባው ምልክት እጅግ የደበዘዘ ስለነበር ለሃያ ዓመታት ያህል ትንሽ ኮምፕሶግናቱስ ተብሎ ኖረ። ማየር በ1973፣ ቬልንሆፈርም በማግሥቱ ዓመት ባወጧቸው ጽሑፎች አርኬዮፕተሪክስ፣ ማለትም ያ ቫግነር ወፍ አይደለም ያለው ባለላባ እንስሳ፣ መሆኑ ተረጋገጠ። እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ ጊዜ ብቻ አልተፈጸመም፤ በ1988 ቬልንሆፈር የገለጸው ሌላ አርኬዮፕተሪክስም በሰብሳቢው ዘንድ በኮምፕሶግናቱስ ስም ተቀምጦ ነበር። የሁለቱም ድንጋዮች የተሳሳተ መጠሪያ የተለወጠው ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍባቸው የላባ መሥመር ሲታይ ነው።