ነበልባል የሌለው እሳት

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ተቀምጠው በሚያነቡበት ሰዓት፥ ምንም እንኳ እጅዎን ባያንቀሳቅሱ፥ ሰውነትዎ አንድ የመብራት አምፑል የሚሰጠውን ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይህ ሙቀት ከወዴት ይመጣል? ነገሩን በግምት ሳይሆን በሚዛን ለመመርመር ከተነሡት ሰዎች ዋነኛው ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ ነበር።

ላቯዚዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1782 እና በ1783 መካከል በነበረው የብርድ ወራት፥ ከሒሳብ ሊቁ ከላፕላስ ጋር ሆኖ፥ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ጅራት የሌላት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አኖራት። እንስሳዪቱ በ10 ሰዓት ውስጥ በገላዋ ሙቀት 13 አውንስ ያህል በረዶ አቀለጠች። በዚያው ጊዜ የምትተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል የሚያወጣ ከሰል ቢነድ ግን 10 ተኩል አውንስ ገደማ እንደሚያቀልጥ በስሌት ተገኘ። ቁጥሮቹ ትክክል እኩል አልሆኑም፤ ሆኖም ሊቃውንቱ መቀራረባቸውን አይተው፥ ትንፋሽ ማለት ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዳቸውም ጸና።

ላቯዚዬ የተሳሳተው በቦታው ነው። እሳቱ የሚነደው በሳንባ ውስጥ ይመስለው ነበር። እንዲህ ቢሆን ሳንባ ከሌላው አካል ይልቅ እጅግ በጋለ ነበር ሲል ላግራንዥ ተቃወመ። ላቯዚዬ ግን ለንጉሡ ግብር ከሚሰበስበው ማኅበር ባለ ድርሻ ስለ ነበረ፥ (ሊቅነቱም አላዳነውም) በ1794 በአብዮቱ ዘመን በ50 ዓመቱ አንገቱ ተቀላ። ቃጠሎው በመላው አካል እንደሚፈጸም በ1870ዎቹ ጀርመናዊው ፍሉገር አስረዳ።

ሕዋስ ይህን ሁሉ ኃይል ለምን ይሻል? ወደ ውስጡ የሚሰርገውን ሶዲየም ዘወትር ወደ ውጭ ካልገፋ፥ ያረጀውንም ፕሮቲን በአዲስ ካልተካ ይሞታልና ነው። ስለዚህ ምግቡን እንደ ከሰል ባንድ ጊዜ አያነድደውም፤ ደረጃ በደረጃ ፈትቶ ኃይሉን ሎማን በ1929 ባገኘው ኤቲፒ በተባለው ቅመም ውስጥ ያኖረዋል።

ኤቲፒ እንዴት እንደሚሠራ በ1961 የገለጸው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ነው። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ፕሮቶኖች ከስስ ሽፋን በስተውጭ እንደ ተገደበ ውሃ ይከማቻሉ፤ ወደ ውስጥ ሲመለሱም፥ ወራጅ ውሃ ወፍጮን እንደሚያዞር፥ ኤቲፒ የሚሠራውን መሣሪያ ያዞራሉ። ብዙዎች ሐሳቡን ለዓመታት አልተቀበሉትም። ሚቸልም በሕመም ምክንያት የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲን ለቅቆ፥ በኮርንዎል አንድ አሮጌ ቤት አሳድሶ በዚያ ምርምሩን ቀጠለ፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው እዚያው ሳለ ነበር።