አንድ ሽጉጥ፣ ሦስት ሕግ

 

የዛሬው ንግግራችን የታሪክ ንግግር ነው። በአሜሪካ አገር ስለ መሣሪያ ምዝገባና ሽጉጥ ደብቆ ስለ መታጠቅ የወጡ ሕጎች እንዴት እንደተለዋወጡ እንነጋገራለን። «የሰው አገር ሕግ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል እንጂ! በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ታክሲ የሚነዳ አለ። ሱቅ የከፈተ አለ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ አለ። እዚያ ደግሞ ድልድይ ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ክፉ ሳያስብ እስር ቤት ሊገባ ይችላል።

በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ጥያቄ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ምዝገባ ነው። ምዝገባ «ይህ ሽጉጥ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የሽጉጡ ዓይነት፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የባለቤቱ ስም በመንግሥት መዝገብ ይጻፋል።

ሁለተኛው የመታጠቅ ፈቃድ ነው። ይህ ደግሞ «ይህ ሰው ሽጉጡን በልብሱ ሥር ደብቆ ከቤቱ መውጣት ይችላል ወይ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። እንግዲህ ምዝገባው ስለ ዕቃው ነው፤ ፈቃዱ ስለ ሰውዬው ነው። አንዱ ወረቀት የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሕጉን የሚያወጣውስ ማን ነው? በአገራችን በ2020፣ ማለትም በእኛ በ2012 ዓ.ም፣ የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ለመላው አገር የወጣ ነው። አሜሪካ ግን የ50 ክፍለ ግዛቶች ኅብረት ናት። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ሕግ አውጪ፣ የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ ፖሊስ አለው። ከሁሉም በላይ ማዕከላዊው መንግሥት አለ። ማዕከላዊው መንግሥት ጥቂቱን ይወስናል፤ ብዙውን ክፍለ ግዛቶች ይወስናሉ።

ሕጉ ከየት ተነሣ?

በ1813 ኬንታኪ የሚባለው ክፍለ ግዛት መሣሪያ ደብቆ መያዝን ከለከለ። በዚያ ዘመን መሣሪያውን በግልጽ የታጠቀ ሰው አያሳፍርም ነበር። ደብቆ የያዘ ግን ተንኮል አስቧል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም እየተከተሉ ደብቆ መያዝን ከለከሉ።

ሕጉ ሁልጊዜ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ባርነት በ1865 ሲቀር፣ ሚሲሲፒ የሚባለው ክፍለ ግዛት በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ነፃ የወጡ ጥቁሮች ከአካባቢው ሹማምንት ፈቃድ ካላገኙ መሣሪያ እንዳይዙ አገደ። ነጮቹ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አልተጠየቁም። ስለዚህ ስለ ፈቃድ ሲነገር «ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ለማንስ ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ1911 ኒው ዮርክ አዲስ ሕግ አወጣች። በልብስ ሥር ሊደበቅ የሚችል ሽጉጥ የሚይዝ ሰው ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘች። ሕጉ «የሱሊቫን ሕግ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ሐሳቡን ካቀረበው የምክር ቤት አባል ነው። ይህ ሕግ ከ100 ዓመት በኋላ ታላቅ ክርክር ስላስነሣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

መዝገቡ ለምን አከራከረ?

በ1934 ማዕከላዊው መንግሥት መትረየስንና አፈሙዛቸው ያጠረ ጠመንጃዎችን በመዝገብ እንዲገቡ አዘዘ። በየአንዳንዱም ላይ 200 ዶላር ግብር ጣለ። ያን ጊዜ ወንበዴዎች በየከተማው በመትረየስ ይዋጉ ነበር። ተራ ሽጉጥ ግን በዚህ መዝገብ አልገባም።

በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በጥይት ተገደሉ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ መሣሪያ ሻጭ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረውና የሸጠበትን ሰው ስም እንዲመዘግብ አዘዘ። መዝገቡ የሚቀመጠው ግን በሻጩ ዘንድ ነው። ወንጀል የተሠራበት ሽጉጥ ሲገኝ፣ መርማሪው በቁጥሩ ፋብሪካውን ይጠይቃል፤ ከፋብሪካው ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ገዢው ይደርሳል።

በ1986 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ። ማዕከላዊው መንግሥት ከሻጮች መዝገብ እየሰበሰበ የመሣሪያ ባለቤቶችን አገር አቀፍ መዝገብ እንዳያቋቁም ከለከለ። ለምን ቢሉ፣ ብዙ አሜሪካውያን «ዛሬ ስሜን የጻፈ መንግሥት ነገ መጥቶ መሣሪያዬን ይወስዳል» ብለው ይሰጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ «መኪና ይመዘገብ የለ? ሰው የሚገድል ዕቃ ለምን አይመዘገብም?» ይላሉ። ይህ ክርክር አልቆመም። ውጤቱን በሁለት ክፍለ ግዛቶች እንይ። ሃዋይ መሣሪያ ሁሉ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች። ፍሎሪዳ ደግሞ የመሣሪያ ባለቤቶችን ዝርዝር መያዝን በሕግ ትከለክላለች። አገሩ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ደብቆ መታጠቅ፦ ከክልከላ ወደ ፈቃድ

ቀድሞ በብዙ ቦታ ፈቃድ ሰጪው ሹም «አልሰጥም» ለማለት ይችል ነበር። በ1987 ፍሎሪዳ ይህን ለወጠች። ሕጉ የሚጠይቀውን ላሟላ ሰው ሁሉ ሹሙ ፈቃዱን መስጠት ግዴታው ሆነ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010 ከዚያ አልፈው ሄዱ፤ ያለ ፈቃድ ደብቆ መታጠቅን ፈቀዱ። ቨርሞንት የሚባለው ትንሽ ክፍለ ግዛት ግን ከጥንት ጀምሮ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። እስከ 2024 መጨረሻ ያለ ፈቃድ ደብቆ መታጠቅን የፈቀዱት ክፍለ ግዛቶች 29 ደርሰው ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ገባበት። ዋሽንግተን ከተማ በ1976 አዲስ ሽጉጥ መመዝገብን አቁማ ነበር። ያልተመዘገበ ሽጉጥ መያዝ ወንጀል ስለሆነ፣ ይህ ማለት ሽጉጥ ተከለከለ ማለት ነው። ዲክ ሄለር የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በሥራ ቦታው ሽጉጥ ታጥቆ የመንግሥት ሕንፃ ይጠብቃል። በቤቱ ሽጉጥ ለማስቀመጥ ሲጠይቅ ግን «አይመዘገብልህም» ተባለ። ከሰሰ። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈረደለት። ሰው በቤቱ ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ የመያዝ መብት አለው ተባለ። ፍርዱ ምዝገባን ግን አልሻረም።

አሁን ወደ ኒው ዮርክ እንመለስ። እዚያ ሽጉጥ ደብቆ ለመታጠቅ የሚፈልግ ሰው ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት እንዳለው ማስረዳት ነበረበት። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ይህን ሻረ። ክፍለ ግዛቶች ከዚያ ወዲህ ልዩ ምክንያት አምጣ ሊሉ አይችሉም። ሥልጠና፣ የጣት አሻራና የወንጀል ማጣሪያ ግን መጠየቅ ይችላሉ።

አንድ ወንዝ፣ ሦስት ሕግ

ይህ ሁሉ ታሪክ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ይገናኛል። ወንዙ ቨርጂኒያን በአንድ በኩል፣ ዋሽንግተንንና ሜሪላንድን በሌላ በኩል ያዋስናል። በሦስቱም ወገኖቻችን አሉ።

ቨርጂኒያ ለተራ ሽጉጥ የምዝገባ መዝገብ የላትም። ደብቆ ለመታጠቅ ግን ከፍርድ ቤት ፈቃድ ይወጣል። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት ሥልጠናና የጣት አሻራ ያለበት ፈቃድ ትጠይቃለች። ሽጉጥ ይዞ ሊኖርባት የሚመጣ ሰውም በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። ዋሽንግተን ሁለቱንም ትጠይቃለች፤ ሽጉጡም ይመዝገብ፣ ታጣቂውም ፈቃድ ያውጣ ትላለች። የሌላ ክፍለ ግዛት የመታጠቅ ፈቃድ በዋሽንግተንም በሜሪላንድም አይሠራም።

እስቲ አንድ ሰው በቨርጂኒያ ይኖራል እንበል። ሽጉጡን በሕግ ገዝቷል። በመኪናው ዕቃ መያዣ ዘግቶበት በቨርጂኒያ መንገድ ሲነዳ ጥፋት የለበትም። ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ሲገባስ? በእጁ ያለው ያልተመዘገበ ሽጉጥ ነው፤ ለከተማዋም ፈቃድ የለውም። ፖሊስ ቢያስቆመው በሚያሳስር ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ሽጉጡ ያው፣ መኪናው ያው፣ ሰውዬው ያው! የተለወጠው መሬቱ ብቻ ነው።

የ1986ቱ ሕግ ለመንገደኛ አንድ ቀዳዳ ትቷል። ሽጉጡ ጥይት ካልጎረሰና ከተሳፋሪ እጅ ርቆ ከተቀመጠ፣ በአንድ ክፍለ ግዛት አልፎ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን መነሻውም መድረሻውም ሽጉጡ የተፈቀደበት ቦታ መሆን አለበት።

ዜግነት ለሌለው ሰው ነገሩ ይከብዳል። በጉብኝት ወይም በትምህርት ቪዛ የገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ በማዕከላዊው ሕግ የተከለከለ ነው። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው መያዝ ይችላል። ሆኖም ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት፣ ከአገሩ ሊባረር ይችላል። ልጆችን ያሳደገበት ቤት፣ የ20 ዓመት ሥራ፣ ሁሉም በአንድ ድልድይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ምን ተማርን? ሕግ በሰው የተጻፈ ነው፤ ሰው ይጽፈዋል፣ ሰው ይለውጠዋል። በ1813 ነውር የነበረው በ2024 በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ ተፈቀደ። ስለዚህ «ጓደኛዬ እንዲህ ብሎኛል» ማለት አይበቃም። ጓደኛው የነገረው የትኛው ክፍለ ግዛት ሕግ ነው? የትኛውስ ዓመት? ፈቃዱን በእጃችሁ ስትይዙ ሦስት ነገር አንብቡ፦ የሰጠውን ቦታ ስም፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የሚፈቅደውን ነገር። ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም። አባቶችም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል፤ ከመታጠቅም ማንበብ ይቅደም።

ለመወያያ

1. በምዝገባና በመታጠቅ ፈቃድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. አገር አቀፍ መዝገብን የሚደግፉና የሚቃወሙ ምን ይላሉ? እናንተስ?
3. በውጭ አገር ለሚኖር ዘመዳችሁ ስለዚህ ጉዳይ አጭር ደብዳቤ ጻፉ።

በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!