ለመቅደም ሳይሆን ለመድረስ፤ ስለ ድኾቹ የአሜሪካ መኪና እሽቅድምድም ነጂዎች

በሸርቆሌ ወንዞች ዳር ያደገ ሰው ወርቅ አጣቢውን ያውቃል። አጣቢው ከማለዳ ጀምሮ አሸዋውን በእንጨት ገበቴ ሲያጥብ ይውላል። ማታ የሚያገኘው ቅንጣት ለዕለት እህል ብቻ ስለሚበቃ፣ ጉድጓዱን የሚያጠልቅበት መሣሪያ ለመግዛት የሚተርፈው የለም። ጉድጓዱ ስላልጠለቀም በማግሥቱ የሚያገኘው ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ድኻ የሆነው ስላልሠራ ነውን? ወይስ የሥራው ሁኔታ ራሱ ከድኽነት እንዳይወጣ አድርጎ ስለያዘው?

ይህን ጥያቄ ይዘን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከአገራችን የራቀ ነገር ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ ያለ በቂ ገንዘብ ይወዳደሩ የነበሩ የመኪና እሽቅድምድም ነጂዎች ታሪክ ነው። ርቀቱ አንባቢን አያስገርም። የወርቅ አጣቢው ድካም መዝገብ የለውም፤ የነጂዎቹ ግን ውድድር በውድድር ተቈጥሮ ስለሚገኝ ጥያቄውን ለመፈተን ይመቻል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ናስካር የተባለው ማኅበር በ1948 በቢል ፍራንስ መሪነት ተመሠረተ። በሰኔ 1949 በቻርሎት ከተማ የተጀመረው ዋና ውድድር ማንም ሰው ከመደብር እንደ ተገዛ ባለ መኪና የሚገባበት ነበር። በዚያ ቀን ሊ ፔቲ የተባለው ነጂ የተዋሰውን ቢዊክ ገልብጦ ሰባበረው፤ ይሁን እንጂ ኋላ በ1954፣ በ1958 እና በ1959 የዓመቱ ሻምፒዮን ለመሆን በቃ። በመጀመሪያው ዘመን እንግዲህ በድኻውና በባለጸጋው መካከል የነበረው ልዩነት በጥረት ሊታለፍ የሚችል ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሁኔታ ብዙ አልቈየም። በ1955 የጀልባ ሞተር ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ካርል ኪክሃፈር ብዙ መኪናዎችንና ደመወዝተኛ መካኒኮችን ይዞ ገባ፤ በዚያውና በሚቀጥለው ዓመትም ሻምፒዮኖቹ የእርሱ ነጂዎች ሆኑ። የመኪና ፋብሪካዎችም ገንዘባቸውን ማፍሰስ ጀመሩ። በ1957 ከእሽቅድምድም እንወጣለን ብለው ተስማምተው ነበር፤ ፎርድ ግን በ1962 ስምምነቱን በይፋ ትቶ ተመለሰ። ከዚህ ወዲህ ነጂዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ አንደኛው ፋብሪካ የሚደግፈው፣ ሁለተኛው በገዛ ኪሱ የሚነዳው ነው።

በገዛ ኪሱ የሚነዳው ሰው ኑሮ እንዴት ነበር? መኪናው ብዙውን ጊዜ ሌሎች ተጠቅመው የሸጡት አሮጌ ነው። ጎማውም እንዲሁ። መካኒኩ ራሱ፣ ረዳቶቹም ልጆቹና ጎረቤቶቹ ናቸው። ሽልማቱ በደረሰበት ተራ ልክ ስለሚከፈል፣ አንድ ሞተር ቢሰበርበት የብዙ ውድድር ገቢ ይጠፋበታል። ስለዚህ መኪናው ከሚችለው ፍጥነት በታች እየነዳ፣ ፈጣኖቹ ሲሰበሩ በዝግታ ወደ ፊት መጠጋትን መረጠ። ይህ ፍርሃት ሳይሆን ሒሳብ ነበር። ጄምስ ሂልተን በ1966፣ በ1967 እና በ1971 አንድም ውድድር ሳያሸንፍ በዓመቱ ጠቅላላ ነጥብ ሁለተኛ የሆነው በዚሁ ሒሳብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚገልጸው የዌንዴል ስኮት ታሪክ ነው። ስኮት በ1921 በቨርጂኒያ በደንቪል ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሠራዊቱ ውስጥ በመካኒክነት አገልግሏል። በ1961 ወደ ዋናው ውድድር ገባ፤ ልጆቹም ረዳቶቹ ሆኑ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 በጃክሰንቪል፣ ከሌላ ነጂ በተገዛ ሸቭሮሌ ሁሉንም ቀድሞ ጨረሰ። ዳኞቹ ግን አሸናፊው ባክ ቤከር ነው ብለው ዋንጫውን ለእርሱ ሰጡ። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ የዙር ቈጠራ ስሕተት ነበር ተብሎ አሸናፊነቱ ለስኮት ተመለሰለት፤ ዋንጫው ግን አልተመለሰም። ስኮት ምክንያቱ የቆዳው ቀለም መሆኑን ያምን ነበር። ማኅበሩ ለቤተ ሰቡ ዋንጫ ያስረከበው በ2021፣ ስኮት ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ድሉም ቢሆን የፋብሪካ ድጋፍ አላመጣለትም። በ1973 በታላዴጋ፣ ተበድሮ በገዛው መኪና ከብዙ መኪናዎች ግጭት ገብቶ ክፉኛ ቈሰለ፤ የነጂነት ዘመኑም ከዚያ ብዙም ሳይቈይ ተፈጸመ። ከ495 ውድድሮች ያሸነፈው አንዱን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የገባው ግን 147 ጊዜ ነው።

አንዳንድ ሰው «ማን አስገደዳቸው? ካልተመቻቸው ይተዉት» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር አንድ ነገር ይዘነጋል። ተመልካች ለአምስትና ለስድስት መኪና ብሎ ትኬት አይገዛም፤ ሜዳው መሙላት አለበት። የሞሉት እነዚህ ድኾች ናቸው። አዘጋጆቹ ከውድድሩ እንዳይቀሩ የሚያህል ይከፍሏቸው ነበር፤ ለመቅደም የሚያበቃ ግን አልነበረም። በ1971 የትምባሆ ኩባንያ ገንዘብ ከገባ በኋላም፣ በ1972 የዓመቱ ውድድሮች ከ48 ወደ 31 ሲቀነሱ የተሰረዙት አጫጭሮቹ፣ ማለት ድኻው በትንሽ ወጪ የሚደርስባቸው ነበሩ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ አንዳንዶች ጥቂት ዙር ብቻ ነድተው ይቆሙና የመጨረሻውን ተራ ሽልማት ይወስዱ ነበር፤ ሙሉውን ለመንዳት የሚያስፈልገው ጎማ ከሽልማቱ ይበልጥ ነበርና። በ2016 ለ36 መኪናዎች ቋሚ ቦታ ሲሰጥ፣ ይህ ልማድ ቀነሰ፤ ቋሚ ቦታ ለሌለው ግን በሩ ይበልጥ ጠበበ።

እኛ ከዚህ የምንደርስበት አሳብ የሚከተለው ነው። የአሸናፊዎችን ስም ብቻ የሚያነብ የታሪክ ተማሪ ስኮትን አንድ ጊዜ፣ ሂልተንን ሁለት ጊዜ አግኝቶ ያልፋቸዋል። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ብልሃት የሚታየው በድል መዝገብ ሳይሆን፣ በሚሰበር መኪና ስንት ጊዜ እስከ መጨረሻው እንደ ደረሰ ሲቈጠር ነው። በሸርቆሌ ያለውም ወርቅ አጣቢ እንዲሁ ነው። ያወጣው ወርቅ ብቻ ቢመዘን ጥቂት ነው። ጉድጓዱን ሳያጠልቅ፣ መሣሪያ ሳይኖረው ስንት ዓመት ቤቱን እንዳኖረ የሚቈጥር ግን እስካሁን አላየንም። ይህን ቈጠራ መጀመር የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ነው እንላለን።