ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፦ በሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ በሐዋሳ የሚገኝ፣ በዋናነት ለውጭ ገበያ የሚሰፉ የአልባሳትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የተሰባሰቡበት የመንግሥት ፓርክ። ግንባታው በቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ ተጠናቅቆ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ ተሠርቷል። ሲታቀድ 60,000 ያህል ሰዎችን እንደሚቀጥር ተነግሮለት ነበር።

ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአጎራባች ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ባለሀብቱን የሳበውም፣ ሠራተኛዋን ያስኮበለለውም ይኸው ነው። ቤት ኪራይና አስቤዛ ሲቀነስ ለቤተሰብ የሚላክ እምብዛም አይተርፍም። ብዙዎች ለሦስትና ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ፓርኩ ሲታነጽ ከፋብሪካው ሼድ እኩል ለሠራተኛው መኖሪያ አለመታሰቡ ትልቅ ጉድለት ነው። ፋብሪካዎቹ ምሳና ሰርቪስ ቢያቀርቡም የሠራተኛው ፍልሰት ከፍተኛ ሆኖ ቆይቷል። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። የወሊድ ፈቃድንም ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጓል።

የሰሜኑ ጦርነት ፓርኩን በገበያው በኩል መታው። አሜሪካዊው ፒቪኤች ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. እዚያ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች።