ዳጉሳ ያሸነፈበት ችሎት

እናቴ ሁለት ሌማት ነበራት፤ አንዱ የቤተሰቡ፣ ሌላው የእንግዳ። የቤተሰቡን ስትከፍቱት የዳጉሳ እንጀራ ታገኛላችሁ፤ መልኩ ጠቆር ቀላ ያለ፣ ጎጃም ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። በእንግዳው ሌማት ያለው ነጭ ጤፍ ነው። አንድ ቀን፣ ሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ይመስለኛል፣ ከከተማ የመጣ ዘመድ ሳይታሰብ ማዕድ ላይ ደረሰብን። እናቴ ብድግ አለችና እንጀራውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። የሰረቀችው ይመስል! በኋላ "እማዬ፣ ለምን ሸፈንሽው?" ብላት "አንተ ደግሞ ዝም በል" ብላ አለፈችኝ።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሥነ ጽሑፍ ማስተማሬን ከተውኩ ወዲህ፣ ያውም ከሕንድ አገር ነው። (ስንቱን ሼክስፒር ለተማሪ ስግት ኖሬ ይህን ሳላውቅ መኖሬ ያሳፍረኛል።) በደቡብ ሕንድ በካናዳ ቋንቋ የጻፈ ካናካዳሳ የሚባል የ16ኛው መቶ ዓመት ባለቅኔ አለ። የተወለደው ከበግ ጠባቂዎች ወገን ነው፤ ዝቅ ተደርጎ መታየት ምን እንደሆነ ነጋሪ አላስፈለገውም። "ራማዳኒያ ቻሪቴ" በተባለው ሥራው ሩዝንና ዳጉሳን ችሎት ያቆማቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሥ ራማ ከጦርነት ሲመለስ ድግስ ይደገሳል። ከእህል ሁሉ የሚበልጠው ማነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሩዝ ይኩራራል፤ የአማልክት መባ እኔ፣ የሠርግ ማዕድ እኔ፣ አንተ የድሃ ሆድ መሙያ ይላል። ዳጉሳም ዝም አይልም። አንተ የባለጠጋ ወዳጅ ነህ፣ ድርቅ ሲመጣ የት ትገባለህ? ለድሃው የምደርስለት እኔ ነኝ ይላል። ሊቃውንቱ መፍረድ ያቅታቸዋል። ራማ ሁለቱም ስድስት ወር ይታሰሩ ብሎ ያዛል። ስድስት ወሩ ሲሞላ ሩዝ በስብሶ ተገኘ፤ ዳጉሳ እንደ ገባ ወጣ። ተፈረደለት፤ ከንጉሡ ስሞች አንዱ በሆነው "ራጋቫ" መነሻነት "ራጊ" ተባለ። የቋንቋ ሊቅ ይህን የስም አመጣጥ ባይቀበለውም ካናካዳሳ አይቀየመውም።

ባለቅኔው ከሳይንስ ቀድሞ ያስተዋለው ነገር አለ። ዳጉሳን ነቀዝ አይደፍረውም። ፍሬው ከመጠን በላይ ትንሽ ናት፤ ተባዩ ገብቶ የሚኖርበት ቦታ የለውም። በደረቅ ጎተራ ዓመታትን ይቀመጣል። ለዚህ ነው ገበሬ የክፉ ቀን እህል የሚለው።

እዚህ ላይ የኛ ነገር ይመጣል። ስዊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ደ ካንዶል በ19ኛው መቶ ዓመት ዳጉሳን የሕንድ ተወላጅ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። ኋላ ግን በዱር የሚበቅለው ወላጁ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ሊቃውንቱ የሚስማሙት ሰው በመጀመሪያ ያላመደው ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው ደጋማ ምድር እንደሆነ ነው። ስለዚህ "የኛ ብቻ" ብዬ አልፎክርም፤ ሕንድ የደረሰው ግን ከወዲህ ተነስቶ፣ በጥንት ዘመን ነው። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ሰብል ሰብስቦ ሲመለስ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ አስቀምጧታል።

ስሙም ታሪክ አለው። በእንግዳው ሳይንሳዊ መጠሪያ ዛሬ "ኢሉሲን ኮራካና" ይባላል። "ኮራካና" ሲሪላንካውያን ለእህሉ ከሚሰጡት ስም የመጣ ነው። ፍሬዘኒየስ የተባለ ጀርመናዊ ከሐበሻ ምድር የተወሰደውን ናሙና ሲመዘግብ "ኢሉሲን ቶኩሳ" ብሎት ነበር፤ "ዳጉሳ" ማለቱ ነው። ሁለቱ አንድ ዝርያ መሆናቸው ሲታወቅ፣ በሳይንሱ ሕግ ቀድሞ የተመዘገበው ጸናና የኛው ስም በግርጌ ማስታወሻ ቀረ። እኛም አልጠየቅንም።

ሕንዶች ግን እህሉን ሁልጊዜ ያከበሩ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ መንግሥት ምርጥ ዘሩንም ማዳበሪያውንም ለስንዴና ለሩዝ ሲያዘንብ ዳጉሳ ከማሳ እየለቀቀ ሄዷል። በ2013 በወጣው የምግብ ዋስትና ሕግ ለድሃው በድጎማ የሚሸጥ ሩዝ ኪሎው 3 ሩፒ፣ ስንዴ 2 ሩፒ፣ "ሻካራ እህል" የሚባሉት እነ ዳጉሳ 1 ሩፒ ተተመነላቸው። ደረጃው ከነዋጋው! በ2018 ደግሞ መንግሥት "ሻካራ" የሚለውን ቃል ሰርዞ "አልሚ እህሎች" እንዲባሉ አወጀ። በሕንድ ጥያቄም የተባበሩት መንግሥታት 2023ን የነዳጉሳና ዘንጋዳ ዓመት ብሎ ሰየመው።

ስም መለወጥ ብቻውን ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ሥራም ነበረበት። በካርናታካ ግዛት ላክሽማናያ የሚባል ተመራማሪ የሕንድን ዳጉሳ ከአፍሪካው ጋር አዳቅሎ "ኢንዳፍ" የተባሉ ዝርያዎችን አወጣ፤ ሕንድና አፍሪካ ማለት ነው። ምርቱ ከፍ አለ። የኦዲሻ ግዛት በበኩሏ ከ2017 ወዲህ ከገበሬው ዳጉሳ እየገዛች ለሕፃናት ምግብ አውላለች። በሕንዶቹ ሰንጠረዥ መሠረት 100 ግራም ዳጉሳ ከ340 ሚሊ ግራም ያላነሰ ካልሲየም አለው፤ ነጭ ሩዝ 10 ገደማ። ዳጉሳ ካልሲየሙን የሚይዝበት ነገር ስላለ ሁሉም ሰውነት ውስጥ አይገባም፤ ሲቦካና ሲበቅል ግን ይለቀዋል። ማብካትና ማብቀል ደግሞ ለኛ እናቶች ማን ያስተምራል?

ብቅሉስ የት ይሄዳል? አረቄና ጠላ ውስጥ። በአረቄ የሚተዳደሩትን ሴቶች መውቀሴ አይደለም፤ ልጆቻቸውን ያስተማሩበት ነው። የሚቆጨኝ፣ ዳጉሳ በሚያመርቱት በነሜጫና አቸፈር የሚያድግ ልጅ ቁመቱ እየቀጨጨ፣ አጥንት የሚያጠነክረው እህል ከገንፎ ይልቅ ለጠርሙስ መቅረቡ ነው። ገበሬውንም እህሉን ተወ ብዬ አልፈርድበትም። ዳጉሳ አረሙ ጉልበት ይጨርሳል፤ አረምና ዳጉሳ ጨቅላ ሳሉ መንትያ ናቸው፣ ውቂያውም አድካሚ ነው። በቆሎ በሄክታር ከዳጉሳ አብልጦ ሲሰጥ፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ያለ አረም በገንዘብ ሲለወጥ እያየ ለኔ ናፍቆት ብሎ ጀርባውን አያጎብጥም። ፎገራ ሂዱ፤ ካናካዳሳ የጻፈው ክርክር እዚያ በእውን አለ። ካለፉት አራት አስርት ዓመታት ወዲህ ሜዳውን ሩዝ ወርሶታል፤ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር እየተቀየጠ እንጀራ ሆኗል። ነጭ ነዋ!

ባለፈው ወር አምስት ኪሎ ዳጉሳ ይዤ ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ልጁ ከረጢቱን ከፍቶ አየና "ጋሼ፣ ለአረቄ ነው?" አለኝ። "ለእንጀራ ነው" አልኩት። ሸሚዜንና ጫማዬን ቃኘ። "እንግዲያው ይቀመጡ" አለኝ፤ "የነጭ ጤፉ ወረፋ እስኪያልቅ ነው፤ ዱቄቱን ያጠቁርብናል።" አሥራ አንድ ሰው ከፊቴ ነበር። ከኋላዬ የመጡትም አለፉኝ። ከረጢቴን እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ በጋቢዬ ጫፍ ሳልሸፍነው፣ እስከ ምሽት ድረስ ጠበቅሁ።